የረጅሙ ሰንሰለት ጠበቃ፦ ሄርማን ሽታውዲንገር

በዚህ እትም የአንድ ኬሚስት ሕይወት ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ሰውየው ሄርማን ሽታውዲንገር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው፤ ካረፈም ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኬሚስትሪ ያጠናችሁ ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሌሎቻችሁ ደግሞ ስሙን ባታውቁትም ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር ለብሳችሁት፣ ተጫምታችሁትና በእጃችሁ ይዛችሁት ትውላላችሁ፤ ናይለኑ፣ ጎማው፣ ፕላስቲኩ፣ ጥጡ ሳይቀር የእሱ ርዕስ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

እኔን ወደዚህ ሰው ታሪክ የወሰደኝ ቫይታሚን ነው። ማኅበራችን ቡና ባፈላ ቁጥር ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደምሠራ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቫይታሚን ተሸክሞ ቀስ እያለ የሚለቅ ፖሊመር እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬ ግን ጨዋታውን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ከዚያው ልጀምር።

ቫይታሚን የሚይዝ መረብ

ተራ የቫይታሚን እንክብል ስንውጥ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ እንደገባ ይሟሟል። አንዳንዱ ቫይታሚን ከአሲድ፣ ከሙቀት ወይም ከአየር ጋር አይስማማም። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲመጣ ሰውነት የቻለውን ወስዶ የቀረውን በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ቫይታሚኑን በጨጓራ ውስጥ ጨብጦ የሚያቆይ፣ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ጭብጡን እያላላ የሚለቅ ተሸካሚ ይፈለጋል።

የእኔ ተሸካሚ ግንዱ አልጂኔት ይባላል፤ ከባሕር አረም የሚወጣ ረጅም ሞለኪውል ነው። በዚህ ግንድ ላይ ፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚባል የሌላ ዘር ሰንሰለት እንደ ቅርንጫፍ ይቀጠልበታል። አገር ቤት የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሥሩና ግንዱ የአንዱ፣ ፍሬ የሚሰጠው ቅርንጫፍ የሌላው ነው። በኬሚስትሪም ግንዱ አንድ ጠባይ ይሰጣል፣ ቅርንጫፉ ሌላ። ቅርንጫፎቹ አሲድ በበዛበት እንደ ጨጓራ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አሲዱ በቀነሰበት እንደ አንጀት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዙና እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ያኔ ውሃ ይገባል፣ መረቡ ያብጣል፣ ቫይታሚኑም በተከፈተው ቀዳዳ እየሾለከ ይወጣል። ቫይታሚን ቢ12 የሆነ እንደሆነ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ንጹሑ ፈሳሽ እየቆየ ሮዝ ሲሆን በዓይን ይታያል፤ ምን ያህል እንደወጣም በየጊዜው በመሣሪያ ይለካል። መረቡ ከልኩ በላይ ከጠበቀ ቫይታሚኑ እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ ከልኩ በላይ ከላላ በጥቂት ደቂቃ ተዘርግፎ ያልቃል። ሥራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። ግንዱ ከመጀመሪያው አቶም እስከ መጨረሻው በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር የተያያዘ አንድ ሞለኪውል መሆን አለበት። ጥቃቅን ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የተቀመጡበት ክምር ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፍ የሚቀጠልበት ግንድ፣ ቫይታሚን የሚያዝበት መረብ ባልኖረ ነበር። ዛሬ ይህን የሚጠራጠር የለም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ብዙዎቹ የአውሮፓ ስመ ጥር ኬሚስቶች ጎማውም፣ ስታርቹም፣ ጥጡም ክምር ነው ብለው ያምኑ ነበር። አይደለም ብሎ የተነሣው ሽታውዲንገር ነው።

ዕፅዋት የወደደ ልጅ

ሽታውዲንገር መጋቢት 23 ቀን 1881 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቮርምስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንዝ ሽታውዲንገር የሁለተኛ ደረጃ መምህርና የፍልስፍና ሰው ሲሆን በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንቅስቃሴም ይታወቅ ነበር። ልጁ የወደደው ዕፅዋትን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ሐሳቡ የዕፅዋት ሳይንስ ማጥናት ነበር። አባቱ ግን ዕፅዋትን በደንብ ለመረዳት አስቀድሞ ኬሚስትሪ ማወቅ እንደሚበጅ መከረው። ልጁም የአባቱን ምክር ሰምቶ ለጊዜው ብሎ ኬሚስትሪ ጀመረ። ለጊዜው የተባለው ነገር የዕድሜ ልክ ሆነ። መድኃኒት እማራለሁ ብሎ መጥቶ ኮምፒውተር ተምሮ የወጣ ሰው በመካከላችን ስላለ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

በሃለ፣ በዳርምሽታትና በሙኒክ ተምሮ በ1903 በሃለ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ወደ ሽትራስቡርግ ሄዶ ዮሐንስ ቲለ ከሚባለው ታዋቂ ኬሚስት ጋር መሥራት ጀመረ። እዚያም በ1905 ኬቲን የሚባሉትን የማይረጋጉ ውሁዶች አገኘ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። ስሙ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ በ1907 በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰርነት አገኘ። በ1912 ደግሞ ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሪቻርድ ቪልሽቴተርን ወንበር ተረከበ። ቪልሽቴተር ጥቂት ቆይቶ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ስለሆነ ወንበሩ የማንም ወንበር አልነበረም።

ቡናና ቫይታሚን በዙሪክ

የዙሪክ ዘመኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ የሚጥም ታሪክ አለው። ሽታውዲንገር ከተማሪዎቹ ጋር የቡናን ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ መፈለግ ጀመረ። የዚያን ዘመን ጦርነት ቡናና ቅመም ከገበያ አጥፍቶ ስለነበር ሰው ሠራሽ ምትክ ማግኘት የብዙዎች ፍላጎት ነበር፤ ለቁንዶ በርበሬም ምትክ ሠርቷል። ቡናው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልሆነም። ሽታው የአንድ ነገር ሽታ ሳይሆን የብዙ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ድምር ሆኖ ተገኘ። ከእነሱም አንዱ ድኝ ያለበት ፉርፉሪል መርካፕታን የሚባለው ነው፤ ለብቻው ሲበዛ ይከረፋል፣ በጣም ሲቀጥን ግን የተቆላ ቡና ሽታ ይሰጣል። እናቶቻችን ቡናውን ቆልተው ጭሱን በየሰዉ አፍንጫ ሥር ሲያዞሩ ከሚያሸቱን ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

በዚህ የቡና ሥራ ላይ ለዓመታት የደከመው ተማሪው ታዴዎሽ ራይሽታይን ነው። ዶክትሬቱን በ1922 ከሽታውዲንገር ዘንድ የሠራው ይህ ሰው በ1933 ቫይታሚን ሲን ከስኳር መሥራት ቻለ። መንገዱ አንዱን እርምጃ ለባክቴሪያ የሚተው ብልህ መንገድ ስለነበር በፋብሪካ ደረጃ ለማምረት አመቺ ሆነ፤ ቫይታሚን ሲ በርካሽ መሸጥ የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ራይሽታይን በ1950 በሌላ ሥራው፣ በአድሬናል ዕጢ ሆርሞኖች፣ የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ከሽታውዲንገር ጋር ከካርልስሩኸ ወደ ዙሪክ የመጣው ሌላው ረዳቱ ሌዎፖልድ ሩዢችካም በ1939 ተሸልሟል። ሁለቱም ከመምህራቸው ቀድመው መሸለማቸውን ልብ በሉ።

ጦርነትና የቀድሞ ወዳጅ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሽታውዲንገር ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚኖር ጀርመናዊ ነበር። የአገሩ ሰዎች በድል ዘፈን ሰክረው ሳሉ እሱ ቁጭ ብሎ ቁጥር አሰላ። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱን ስትቀላቀል የሁለቱን ወገኖች የኢንዱስትሪ አቅም አነጻጸረና ጀርመን ልታሸንፍ እንደማትችል፣ ስለዚህም ሰላም መፈለግ እንዳለባት ጻፈ። በ1919 ደግሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መጽሔት ላይ ኬሚስትሪና ቴክኖሎጂ ጦርነትን ወደምን እንደለወጡት፣ የመርዝ ጋዝም ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ ጻፈ።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ ፍሪትዝ ሃበር ነበር። ሃበርና ሽታውዲንገር በካርልስሩኸ አብረው የሠሩ ወዳጆች ነበሩ። ሃበር ግን የጀርመንን የጋዝ ጦርነት የመራ ሰው ነው። በጽሑፉ ክፉኛ ተቆጣ፤ አገሩ በወደቀችበት ሰዓት ከጀርባዋ እንደወጋት ቆጥሮ ወቀሰው። ሽታውዲንገር ግን ከአቋሙ አልተመለሰም። ይህ ክርክር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1925 የጄኔቫ ስምምነት የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም ከለከለ፤ ጣሊያንም ፈረመች። ሽታውዲንገር በጻፈ በ16 ዓመቱ፣ በ1935፣ ያችው ጣሊያን አያቶቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። ኬሚስቶች እጃቸው የሠራውን ነገር መጨረሻ ማሰብ አለባቸው የሚለው ክርክር ለምን ዋጋ እንዳለው ከኛ በላይ የሚያውቅ ብዙ የለም።

ሁሉም የተቃወመው ሐሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1920 ሽታውዲንገር ስለ ፖሊመር አፈጣጠር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጎማ፣ ፖሊስታይሪንና የመሳሰሉት ነገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች በተለመደው ኬሚካላዊ ትስስር እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ናቸው። አዲስ ዓይነት ኃይል መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ አልኮልን ወይም ስኳርን አንድ አድርጎ የሚይዘው ያው ትስስር ጎማንም ይይዛል።

ተቃዋሚዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ክርክራቸውን ላስረዳ። አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ የኦርጋኒክ ኬሚስት ክብር ንጹሕ ክሪስታል ማውጣትና የመቅለጫ ነጥቡን መለካት ነበር። ጎማና ሙጫ ክሪስታል አይሆኑም፣ ጥርት ያለ መቅለጫ የላቸውም፣ አይተኑም። ስለዚህ ያልጸዱ ድብልቅ ነገሮች ናቸው ተብለው ይናቁ ነበር። ሁለተኛ፣ ትናንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኃይል ተሳስበው እንደሚከመሩ የሚያሳዩ ምሳሌዎች ነበሩ፤ ሳሙና ውሃ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለዚህ ደካማ ኃይል መነሻ የሆነውን ሐሳብ ያፈለቀው ደግሞ የሽትራስቡርጉ አለቃው ቲለ ራሱ ነበር። ሦስተኛ፣ በኤክስሬይ ሲታይ የሴሉሎስ ክሪስታል ተደጋጋሚ ክፍል ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ ሞለኪውል ደግሞ ከዚህ ክፍል ሊበልጥ አይችልም ብለው ብዙዎች ያምኑ ነበር።

ሽታውዲንገር ለዚህ የመለሰው በቤተ ሙከራ ነው። ጎማ የጥቃቅን ሞለኪውሎች ክምር ነው የሚሉት ሰዎች ክምሩን አጣብቆ የያዘው ኃይል የሚመጣው ጎማው ውስጥ ካሉት ድርብ ትስስሮች ነው ይሉ ነበር። መልካም፤ እንግዲያውስ ድርብ ትስስሮቹን በሃይድሮጅን ብናጠፋቸው ክምሩ መፍረስ አለበት፤ የሚቀረውም እንደ ነዳጅ ተንኖ የሚነጠር ቀላል ፈሳሽ መሆን አለበት። በ1922 ከረዳቱ ከያኮብ ፍሪቺ ጋር ጎማውን በሃይድሮጅን ሞላው። የተገኘው ነገር አልተነነም፤ ሲሟሟም እንደ ድሮው ፈሳሹን አወፈረው። ጎማው ድርብ ትስስሩን አጥቶም ያው ረጅም ሰንሰለት ነበር። ማክሮሞለኪውል፣ ማለትም ግዙፍ ሞለኪውል፣ የሚለውን ቃል የፈጠረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

እኔ በዚህ ሙከራ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሽታውዲንገር የጀመረው የራሱን ሐሳብ ከማወደስ ሳይሆን የባላጋራውን ሐሳብ ከልቡ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ከመከተል ነው። እናንተ ያላችሁት እውነት ቢሆን ምን መታየት ነበረበት ብሎ ጠየቀና ያንን ፈለገ። ያ አልታየም። ጩኸት አላስፈለገም።

ቢሆንም ሰው አልተቀበለውም። በ1925 ዙሪክን ሊለቅ ሲል በከተማው የኬሚስትሪ ማኅበር ፊት ባደረገው ንግግር ላይ አድማጮቹ ተራ በተራ እየተነሡ ተቃወሙት፤ ክርክሩ ጋለ፤ እሱም ከዚህ ሌላ መቆሚያ የለኝም ብሎ ጸና። በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚተካው ሃይንሪሽ ቪላንድ፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ በወዳጅነት መንፈስ የግዙፍ ሞለኪውልን ነገር እንዲተወው መከረው። ከ5000 በላይ የሚመዝን የኦርጋኒክ ሞለኪውል እንደሌለ፣ ጎማውንም ደህና አድርጎ ቢያጸዳው ክሪስታል ሆኖ እንደሚወጣለት ነገረው። ምክሩ ክፋት አልነበረበትም። ክብደቱም እዚያ ላይ ነው፤ የጠላት ስድብ ያጀግናል፣ የወዳጅ ምክር ግን ያላላል። ለንጽጽር ያህል የእኔ ቢ12 ለብቻው 1355 ይመዝናል፤ የሚሸከመው አልጂኔት ደግሞ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

በመስከረም 1926 በዱሴልዶርፍ በተደረገው የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። ማክስ በርግማንና ሃንስ ፕሪንግስሃይም የክምሩን ሐሳብ አቀረቡ፤ ሽታውዲንገር የሰንሰለቱን። ወጣቱ ሄርማን ማርክ ደግሞ የኤክስሬዩ ውጤት ግዙፍ ሞለኪውል የለም ለማለት እንደማያስችል አስረዳ፤ ረጅም ሰንሰለት በብዙ ተደጋጋሚ ክፍሎች ውስጥ አቋርጦ ሊያልፍ ይችላልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛኑ ቀስ እያለ ማዘንበል ጀመረ። በስዊድን ስቬድበርግ በእጅግ ፈጣን ማሽከርከሪያ ፕሮቲኖችን መዝኖ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ክብደት አገኘ። በአሜሪካ ዋላስ ካሮተርስ ከ1928 ጀምሮ በዱፖንት ኩባንያ ሰንሰለቶችን ክፍል በክፍል እየገጠመ ሠራና በ1935 ናይለንን አስገኘ። ሙግቱን የጨረሰው የእነዚህ ሁሉ ሥራ ድምር ነው።

የፍራይቡርግ ዓመታት

ሽታውዲንገር ከ1926 ጀምሮ ፍራይቡርግ ኖረ፤ የእኔ ሥራ ሥሮች ያሉትም እዚያ ነው። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው መለኪያ ነው። አንድ ፖሊመር ሲሟሟ ፈሳሹ ይወፍራል፤ አጃ ሾርባ ውስጥ ሲገባ እንደሚያወፍረው ማለት ነው። ሽታውዲንገር የመወፈሩን መጠን ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር አያያዘውና ፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ በመለካት ብቻ ግዙፍ ሞለኪውልን መገመት ቻለ። ውድ ማሽን የሌለው ላብራቶሪ ሁሉ በር ተከፈተለት። ዛሬም የተማሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራበታል።

ሁለተኛው ሰንሰለቱን ሳይሰብሩ ጠባዩን መለወጥ ነው። ፖሊቪኒል አሲቴትን ወደ ፖሊቪኒል አልኮል፣ መልሶም ወደ አሲቴት ቀየረው፤ የሰንሰለቱ ርዝመት ግን አልተነካም። ይህ ሙከራ በጊዜው የሰንሰለቱን መኖር ለማስረዳት የተሠራ ነው። ለእኛ ግን ፈቃድ ሆነ፤ ግንዱ ሳይቆረጥ በጎኑ መሥራት፣ ማንጠልጠል፣ መቀጠል ይቻላል ማለት ነውና።

ሦስተኛው መረቡ ነው። በ1934 ከረዳቱ ጋር ወደ ስታይሪን በጣም ጥቂት ዳይቪኒልቤንዚን ጨምሮ ፖሊመር ሲሠራ የተገኘው ነገር በምንም አልሟሟ አለ፤ ፈሳሽ እየጠጣ ያብጥ ጀመር። ጥቂቷ ንጥረ ነገር ሰንሰለቶቹን እዚህም እዚያም አያይዛ አንድ መረብ አድርጋቸው ነበር። አብጦ የማይሟሟ መረብ፣ ከላይ እንደነገርኳችሁ፣ ቫይታሚን ለመያዝ የምንፈልገው ያንኑ ነው።

ስለ ሰውየው ሁሉንም መልካም ብቻ ብናገር ግን ሐቀኛ አልሆንም። ሽታውዲንገር ሰንሰለቶቹ እንደ ቀጥ ያለ ዘንግ ግትር ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ማርክና ቨርነር ኩን ደግሞ ሰንሰለቱ እንደ ክር የሚጠቀለልና የሚተጣጠፍ መሆኑን አሳዩ፤ የእሱ ቀመርም በዚሁ መጠን መታረም ነበረበት። እሱ ግን ይህን ለመቀበል ለብዙ ዓመታት አሻፈረኝ አለ። አንድ ትልቅ እውነት እንዲያጸና ያደረገው እልህ ሌላውን እውነት እንዳያይ ጋረደው። ሰንሰለቶቹ ግትር ቢሆኑ ኖሮ የእኔም መረብ እንዲህ ሊሰበሰብና ሊዘረጋ ባልቻለ ነበር።

ፍራይቡርግ ሌላም ነገር ሰጠችው። ሁለተኛ ባለቤቱ ማግዳ የላትቪያ ሰው፣ የዕፅዋት ሳይንስ ምሁር ነበረች። ከእሱ ጋር ብዙ ጽሑፎች አሳትማለች፤ ግዙፍ ሞለኪውሎችን ከሕያዋን ሴሎች ጋር በማያያዝ ሥራውም ትልቅ ድርሻ አላት። በልጅነቱ ያፈቀረው የዕፅዋት ዓለም በዚህ መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያልተቀደደው ማመልከቻ

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆነው ፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ነበር። ሃይደገር ሽታውዲንገር በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ ለአገሩ ታማኝ አልነበረም የሚል ጥቆማ ለባለሥልጣናት አቀረበ። የምሥጢር ፖሊስ ምርመራ ተከተለ። ያ ስለ ሰላም የጻፈው ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ ክስ ሆኖ መጣ። ሽታውዲንገር የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ እንዲያስገባ ተደረገ፤ ማመልከቻው ግን ወዲያው ሥራ ላይ ሳይውል ሚኒስቴሩ መዝገብ ውስጥ እንደ ማስፈራሪያ ተቀመጠ። በውጭ አገር ያለው ዝና እንዳተረፈው ይነገራል። ወንበሩን አላጣም፤ ነገር ግን አንገቱን ደፍቶ መሥራት ነበረበት። ከአገር ወጥተን የምንኖር ሰዎች አንድ የቆየ ጽሑፍ መቼ ሊመዘዝ እንደሚችል የማሰብን ጭንቀት እናውቀዋለን።

ኅዳር 27 ቀን 1944 ፍራይቡርግ በአየር ድብደባ ነደደች፤ የኬሚስትሪ ተቋሙም ወደመ። ሽታውዲንገር ያኔ 63 ዓመቱ ነበር። ከፍርስራሹ ተነሥቶ በ1947 ስለ ግዙፍ ሞለኪውሎች የሚያትት መጽሔት አቋቋመ፤ በ1951 ጡረታ ወጣ። የኖቤል ሽልማት የመጣለት በ1953 ነው፤ 72 ዓመት ሆኖት፣ ያ የመጀመሪያ ጽሑፉ ከወጣ 33 ዓመት በኋላ። መስከረም 8 ቀን 1965 በዚያው በፍራይቡርግ አረፈ።

ከሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለው

ሽታውዲንገር ራሱ ስለ ጎማ፣ ስለ ሴሉሎስና ስለ ፕላስቲክ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ቫይታሚን ወይም መድኃኒት በፖሊመር ላይ ጭኖ መላክ የቀጣዩ ትውልድ ሥራ ሆነ። በ1975 በፍራይቡርግ የተማረው ሄልሙት ሪንግስዶርፍ አንድ ንድፍ አቀረበ፤ ረጅም ግንድ፣ በግንዱ ላይ በሚበጠስ ማያያዣ የተንጠለጠለ መድኃኒት፣ በውሃ እንዲሟሟ የሚረዳ ክፍል፣ ወደሚፈለገው ቦታ የሚመራ ክፍል። ዛሬ ቫይታሚን፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ሆርሞን በፖሊመር ለመላክ የሚደክም ሰው ሁሉ ይህን ንድፍ ያውቀዋል። የሽታውዲንገር ስም ያለበት የ1919 የኬሚካል ሂደትም በ2000 በካሮሊን ቤርቶዚ እጅ ታድሶ በሕያው ሴል ላይ ሞለኪውል ለማያያዝ አገልግሏል፤ ቤርቶዚ በዚህ መሰሉ ሥራዋ በ2022 ተሸልማለች።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንያዝ? ብዙዎቻችን የምንማረው ከአገራችን ርቀን፣ ከእኛ በላይ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። አማካሪዎቻችን ይህን ተዉት ሲሉን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ እምቢ በሉ የሚል ትምህርት ከዚህ ታሪክ አይወጣም፤ እምቢታው በዘንጉ ጉዳይ ላይ ሽታውዲንገርን ራሱን ጎድቶታል። የሚወጣው ሌላ ነው። ከታላላቆች ጋር ያልተስማማ ሰው የእነሱን ሐሳብ ከእነሱ በተሻለ አውቆ፣ የሚፈትነውን ሙከራ ፈልጎ፣ ውጤቱን በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ጎማውን በሃይድሮጅን የሞላው ለዚህ ነው። ሙከራው የእሱን ሐሳብ ቢያፈርሰውም ኖሮ ያው ጥሩ ሙከራ ይሆን ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በየላብራቶሪው የምትሠሩ ልጆች የእናንተን ሥራ መሠረት የጣለውን ሰው ታሪክ ብትጽፉልን ደስ ይለናል። ቡናው ላይ እንገናኝ፤ እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።